የቤት ኮምፒውተርን ከምናውቀው ሰው ስለ መጠበቅ

በጅማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የምኖረውም ከአከራዮቼና ከሌሎች ሁለት ተከራዮች ጋር በጋራ በምንጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በላፕቶፔ ላይ ያዘጋጀሁት የማጠቃለያ ፈተና ለተማሪዎች ከመሰጠቱ በፊት በቴሌግራም ሲዘዋወር ተገኘና ተሰርዞ ሌላ ፈተና እንዲዘጋጅ ሆነ። መጀመሪያ የኢሜይሌ የይለፍ ቃል የተሰረቀ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ፈተናውን የወሰደው ማታ ማታ ቤቴ እየመጣ ፊልም የሚያይ የአከራዬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። እኔ ደጅ ላይ ከእናቱ ጋር ቡና እየጠጣሁ ስጫወት፣ እርሱ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ለጓደኛው ሰጥቶት ነበር። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል አልነበረውም፤ ልጁንም "ግባና ክፈተው" ያልኩት እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን በትጋት አጥንቻለሁ፤ የባልደረቦቼንና የጎረቤቶቼን ኮምፒውተሮችም እየተዘዋወርኩ አስተካክያለሁ። ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት በየቦታው የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የሚመለከተው በሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት የሚመጣን፣ የማናውቀውን ሰው ነው። የሚያውቀን ሰው ግን ቫይረስ መላክ አያስፈልገውም። ወንበራችን ላይ ይቀመጣል፤ የልጃችንን ስም፣ የተወለድንበትን ዓመትና የስልክ ቁጥራችንን ያውቃል፤ የይለፍ ቃሉን ስንጽፍ ጣቶቻችን የት የት እንደሚያርፉ አይቷል፤ ሐሙስ ገበያ ስንወጣ ወይም ለቅሶ ስንደርስ ለስንት ሰዓት ከቤት እንደምንርቅም ያውቃል። ስለዚህ መከላከያውም ይህን ሰው በማሰብ የሚዘጋጅ መሆን አለበት።

ሌላም ችግር አለ። በእኛ ዘንድ ለዘመድ ልጅ ወይም ለጎረቤት "ኮምፒውተሬን አትንካ" ማለት እንደ ንፉግነት ይቆጠራል፤ ከዚያም አልፎ "ሌባ አደረግኸኝ ወይ" የሚል ቅሬታ ያስከትላል። ሰውን የሚያስቀይም መቆለፊያ ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ ባለቤቱ ራሱ በሳምንቱ ሐፍረት ይዞት ይፈታዋል። በዚህ ምክንያት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው መከልከልን ሳይሆን ለእንግዳው የራሱን ቦታ መስጠትን ነው።

ለእንግዳው የራሱን አካውንት መክፈት

በዊንዶውስ 10ም ሆነ በዊንዶውስ 11 በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ በላይ አካውንት መክፈት ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው "አካውንትስ" የሚለውን፣ ቀጥሎም "አዘር ዩዘርስ" የሚለውን ይምረጡ፤ በዊንዶውስ 10 ይኸው ቦታ "ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ" ይባላል። አዲስ አካውንት ለመጨመር ሲሞክሩ ዊንዶውስ የግለሰቡን ኢሜይል ይጠይቃል። ኢሜይል ማስገባት ካልፈለጉ የዚህ ሰው የመግቢያ መረጃ የለኝም የሚለውን፣ ከዚያም ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቃሚ ልጨምር የሚለውን መርጠው ስም ብቻ ይሰጡታል። እኔ የእኔን "ቤተሰብ" ብዬዋለሁ፤ ማንም የሚመጣ ሰው በዚያ ገብቶ ፊልሙን ያያል፣ ጨዋታውን ይጫወታል፣ የቤት ሥራውን ይጽፋል፤ የእኔን የይለፍ ቃል መጠየቅም አያስፈልገውም።

አካውንቱ እንደ ተከፈተ ዓይነቱ "ስታንዳርድ ዩዘር" መሆኑን ያረጋግጡ። "አድሚኒስትሬተር" ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ አድሚኒስትሬተር የሌሎችን ፎልደር መክፈት፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተን የሌላ ሰው አካውንት የይለፍ ቃል መቀየርና የፈለገውን ፕሮግራም መጫን ይችላል። በየቤቱ ስዞር ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይህ ነው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች አምስት አካውንት ይኖራቸውና አምስቱም አድሚኒስትሬተር ሆነው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ በአገራችን በጣም የተለመደ አንድ ልማድ ማንሳት ግድ ይላል። ኮምፒውተር ስንገዛ ወይም ፎርማት ስናስደርግ ባለሙያው ዲስኩን "ሲ" እና "ዲ" ብሎ ለሁለት ይከፍልልናል፤ እኛም "ዊንዶው ቢበላሽ ፋይሌ አይጠፋም" በሚል ሰነዶቻችንን ሁሉ በ"ዲ" ላይ እናከማቻለን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዊንዶውስ በራሱ የሚጠብቀው እያንዳንዱ ተጠቃሚ በ"ሲ" ላይ ያለውን የግል ፎልደሩን፣ ማለትም "ዶክዩመንትስ"፣ "ፒክቸርስ"፣ "ዴስክቶፕ" የመሳሰሉትን ብቻ ነው። "ዲ" ላይ ያለው ነገር ከተለመደው አሠራር የተነሣ ለሁሉም አካውንት ክፍት ነው። ለእንግዳው አካውንት ከፍተው ፋይልዎን "ዲ" ላይ ከተዉት ምንም አልጠበቁም ማለት ነው። የሚያሳስብዎትን ፋይል ወደ ግል ፎልደርዎ ያዛውሩት፤ ለብልሽት ደግሞ በውጭ ሃርድ ዲስክ ቅጂ ይያዙና ሃርድ ዲስኩን በቁም ሣጥን ይቆልፉበት። ካዛወሩ በኋላ በ"ቤተሰብ" አካውንት ገብተው ፋይሉን ለመክፈት ራስዎ ይሞክሩ። ዊንዶውስ ፈቃድ የለዎትም ካለ ሥራው በትክክል ተሠርቷል።

የይለፍ ቃልዎና ዘመድ የሚያውቃቸው መልሶች

የራስዎ አካውንት ጠንካራ የይለፍ ቃል ያስፈልገዋል። ከቅርብ ሰው አንጻር "ጠንካራ" ማለት ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ስለ እርስዎ ሕይወት ምንም የማይናገር መሆን አለበት። የልጅ ስም፣ የጋብቻ ዓመት፣ የስልክ ቁጥር መጨረሻ፣ የሚደግፉት የእግር ኳስ ቡድን፣ "ጅማ" ከ"123" ጋር፤ እነዚህን ሁሉ የአክስትዎ ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን መርጦ በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዞ መጻፍ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለመገመት ግን እጅግ ይከብዳል። ቃላቱን ከታወቀ ተረት ወይም ከዘፈን አይውሰዱ፤ በክፍልዎ ውስጥ ካለ ነገርም አይምረጡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀዳዳ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ያለ ማይክሮሶፍት ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ላይ የይለፍ ቃል ሲያደርጉ ዊንዶውስ የይለፍ ቃሉን ቢረሱ የሚጠይቅዎትን ሦስት ጥያቄዎች እንዲመርጡ ያደርጋል። ጥያቄዎቹ የተወለዱበት ከተማ የት ነው፣ በልጅነትዎ በምን ቅጽል ስም ይጠሩ ነበር፣ ወላጆችዎ የተገናኙት በየትኛው ከተማ ነው፣ በዕድሜ ትልቁ የአጎትዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ ስም ማን ነው፣ መጀመሪያ የገቡበት ትምህርት ቤት ማን ይባላል የሚሉ ናቸው። ለባዕድ ሰው እነዚህ ምስጢር ይሆናሉ፤ ለወንድምዎ፣ ለአማትዎና አብሮ አደግ ለሆነ ጎረቤትዎ ግን የአንድ ትንፋሽ መልስ ናቸው። መልሱን በትክክል የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ከመግቢያው ገጽ ላይ ሆኖ የይለፍ ቃልዎን ቀይሮ ይገባል። ስለሆነም እውነተኛውን መልስ ፈጽሞ አይስጡ። ለተወለዱበት ከተማ ከጥያቄው ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ቃል ይስጡና በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡት።

ቁጥር ብቻ ያለው ፒን ለመግባት ያፋጥናል፤ የሚሠራውም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አራት አኃዝ የሆነን ፒን አጠገብዎ የተቀመጠ ልጅ በሁለት ምሽት ይይዘዋል፤ ስለዚህ ስድስትና ከዚያ በላይ ያድርጉት፣ ፊደልም ይቀላቅሉበት። የጣት አሻራ ከተመልካች ዓይን ያድናል፤ ነገር ግን ሲተኙ ጣትዎን ሊጠቀም የሚችል ሰው አብሮዎት የሚኖር ከሆነ ያጥፉት።

የይለፍ ቃል ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ሲቆለፍ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው "ኤል" የሚለውን ፊደል ሲጫኑ ስክሪኑ ወዲያውኑ ይቆለፋል። ይህን ለቡናም፣ በር ለመክፈትም፣ ስልክ ለማንሣትም በተነሡ ቁጥር ያድርጉት፤ እኔ ልማድ እስኪሆንልኝ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ከዚህም ጋር ከአምስት ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲተኛ በሴቲንግስ የ"ፓወር" ክፍል፣ ከእንቅልፍ ሲነቃም የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ በ"ሳይን ኢን ኦፕሽንስ" ውስጥ ያስተካክሉ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል፤ እኛ ደግሞ ሻማ ፍለጋ ወደ ጓዳ እንገባለን። ያኔ ክፍት የተተወ ላፕቶፕ ብዙ ነው።

የተከፈተ ኢሜይልና የተከፈተ ቴሌግራም

በቅርብ ሰው የሚደርስ ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰው በዲስኩ ላይ ባሉ ፋይሎች በኩል ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ ክፍት ሆነው በሚቆዩት አካውንቶች በኩል ነው። ጉግል ክሮም የሁሉንም ድረ ገጽ የይለፍ ቃል እንዲያስቀምጥ ፈቅደውለት ከሆነ፣ በእርስዎ አካውንት ላይ የተቀመጠ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያይ እንኳን ኢሜይልዎን ይከፍታል። በክሮም ውስጥ ለየሰው የተለያየ ፕሮፋይል መክፈት ሥርዓት ያስይዛል እንጂ ጥበቃ አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ፕሮፋይል በአንድ ጠቅታ ይከፍተዋልና። እውነተኛው ግድግዳ የዊንዶውስ አካውንቱ ነው።

ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ አንዴ ከተከፈተ ባለቤቱ እስኪዘጋው ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" በሚለው ሥር "ሎካል ፓስኮድ" የሚባል አለ፤ ይህን ሲያበሩ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የራሱን ቁልፍ ይጠይቃል፣ በዲስኩ ላይ ያስቀመጠውንም መረጃ ይመሰጥረዋል፤ ማለትም ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ያደርገዋል። ከዚህ የተለየው "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የተባለው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ደግሞ ሌላ ሰው ሲምዎን ወይም በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ አግኝቶ በሌላ መሣሪያ እንዳይገባ ያግዳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። በስልክዎ ቴሌግራም ላይ "ዲቫይስስ" የሚለውን ከፍተው የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት። በዋትስአፕም "ሊንክድ ዲቫይስስ" በሚለው ስር ተመሳሳዩን ያድርጉ፤ ስልክዎን ለአንድ ደቂቃ ያገኘ ሰው በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ባለ አራት ማዕዘን ምልክት (ኪውአር ኮድ) በስልክዎ ስካን አድርጎ መልእክትዎን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲያነብ ሊከርም ይችላል።

አሁን የምጽፈው ነገር በተለይ በዕድሜ ለገፉ አንባቢዎች ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን የጂሜይል አካውንት የከፈትነው ራሳችን አይደለንም። ወይ ስልኩን የሸጠልን ልጅ፣ ወይ የወንድማችን ልጅ፣ ወይ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ከፍቶልናል፤ የይለፍ ቃሉንም እርሱ መርጦልናል፤ የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል በተጠየቀ ጊዜም ለቅልጥፍና የራሱን አስገብቶ ይሆናል። ይህ ሰው ክፉ ባይሆንም አካውንቱ በእጁ ነው፤ በፈለገ ጊዜ "የይለፍ ቃሌን ረሳሁ" ብሎ በራሱ ስልክ ኮድ ተቀብሎ ይገባል። ስለዚህ ጉግል አካውንትዎ ውስጥ "ሴኩሪቲ" የሚለውን ገጽ ከፍተው የመልሶ ማግኛ ስልኩና ኢሜይሉ የእርስዎ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ የማያውቁትን መሣሪያ ያስወጡ፤ ቀጥሎም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ጉግል በዚያው ቦታ እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ የሚያገለግሉ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ ስልክዎ ቢጠፋ የሚያድንዎት እነርሱ ናቸውና በወረቀት ይገልብጧቸው። የስልክዎ ስክሪን ተቆልፎ ሳለ የኤስኤምኤስ ጽሑፍ እንዳይታይ ማድረግንም አይርሱ፤ አለዚያ ኮዱን አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ሳይከፍት ያነበዋል።

ከዊንዶውስ ውጭ ለሚመጣ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ዊንዶውስ ሲሠራ የሚያገለግል ነው። ትንሽ ዕውቀት ያለው ሰው ግን ሊኑክስ የተባለው፣ ዊንዶውስን የሚተካ ሥርዓት የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ቢያስነሣ፣ ወይም ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኝ፣ የዊንዶውስን የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ፋይሎቹን ያነባል። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ይህን የሚችል ወጣት በየሰፈሩ አለ። መፍትሔው ዲስኩን መመስጠር ነው። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር የሚባለው አብሮ ይመጣል፤ በዊንዶውስ ሆም ላይ ደግሞ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" የሚል በሴቲንግስ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም ከሌሉ ቬራክሪፕት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቅሞ የተመሰጠረ አንድ ሣጥን ፈጥሮ ምስጢራዊ ፋይሎችን በዚያ ውስጥ ብቻ ማኖር ይቻላል።

ቢትሎከርን ከማብራትዎ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሲበራ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይሰጣል። የኮምፒውተሩ ማዘር ቦርድ (ክፍሎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ዋናው ሰሌዳ) ቢቀየር፣ አንዳንዴም በባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም ላይ ለውጥ ሲደረግ፣ ዊንዶውስ ይህን ቁልፍ ካልሰጡት አልከፍትም ይላል፤ ቁልፉ ከጠፋ ፋይሉን የሚያወጣልዎት ባለሙያ የለም። ቁልፉን በዚያው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ደግሞ የሣጥንን ቁልፍ በሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ እንደ መተው ነው። አትመው ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያኑሩት።

ባዮስ ላይም የይለፍ ቃል ማድረግና ከፍላሽ መነሣትን መከልከል ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በኤችፒ ብዙ ጊዜ "ኤፍ 10"፣ በዴል "ኤፍ 2" በመጫን ወደ ባዮስ ይገባል። በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ግን ሲአር 2032 የተባለችውን ክብ ባትሪ ነቅሎ በመመለስ ብቻ ይህ የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ የምስጠራን ቦታ አይተካም።

ኮምፒውተር ለጥገና ሲሰጥም የሚታወቅ ሰው እጅ ላይ መውደቁ ነው፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ጠጋኙም የአንድ የምናውቀው ሰው ወንድም ወይም ጓደኛ ነው። የራስዎን የይለፍ ቃል አይስጡ። ለጥገናው ብቻ የሚያገለግል አካውንት ይክፈቱና ሲመለስ ይሰርዙት፤ ይህ አካውንት አድሚኒስትሬተር መሆን ካለበት ግን ፋይሎችዎን አስቀድመው በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው ያጥፏቸው፣ ከተቻለም ሥራው ሲሠራ አብረው ይቀመጡ። ፕሮግራሞችን በ"ክራክ"፣ ማለትም የክፍያ ቁልፋቸው ተሰብሮ፣ የሚያስጭኑ ከሆነ ከፕሮግራሙ ጋር ምን አብሮ እንደ ገባ ማወቅ አይቻልም። ዊንዶውስ 10 የሚጠቀም ሰው ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳቆመ ሊያውቅ ይገባል፤ መሣሪያው ከፈቀደ ወደ 11 ማሳደግ ይበጃል።

ሰው ገብቶ እንደሆነ ማወቅ

ጥርጣሬ ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ቀላሉ ነው። በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎችን፣ የብሮውዘር ታሪክን፣ የክሮም ተጨማሪ ፕሮግራሞችን፣ በቴሌግራምና በጉግል የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ይመልከቱ። በተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ እርስዎ ያላስገቡት ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ካለ ያስተውሉ፤ እነዚህ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ግን ኮምፒውተሩን ከሩቅ ሆኖ ለመቆጣጠር ያስችላሉ። የዴስክቶፕ ባለቤት ከሆኑ ጀርባውን አዙረው የኪቦርዱን ገመድ ይከተሉ፤ በገመዱና በመሰኪያው መካከል ፍላሽ የምትመስል ትንሽ ዕቃ ካለች የሚጻፈውን ፊደል ሁሉ የምትመዘግብ ልትሆን ትችላለች።

ከዚያ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ዊንዶውስ ራሱ መዝገብ ይይዛል። "ኢቨንት ቪወር" የተባለውን ከፍተው "ዊንዶውስ ሎግስ"፣ ከዚያም "ሴኩሪቲ" በሚለው ውስጥ 4624 የሚል ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይፈልጉ፤ ይህ ቁጥር አንድ መግቢያ መሳካቱን ያሳያል። አብዛኛዎቹ የዊንዶውስ የራሱ የውስጥ ሥራዎች ስለሆኑ አይደንግጡ። ሰው በኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ የገባበት "ሎጎን ታይፕ" በሚለው ፊት ለፊት 2፣ የተቆለፈ ስክሪን ሲከፈት ደግሞ 7 ተብሎ ይጻፋል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚገባ ሰው 11 ሊሆንም ይችላል። መዝገቡ ሲሞላ የቆየው ስለሚጠፋ ቶሎ መመልከት ያስፈልጋል።

መዝገቡን ሲያነቡ በሰዓቱ እንዳይሳሳቱ አደራ እላለሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መዝገቡ ላይ ሌሊት 3:00 የተባለው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ 3:00 የተባለው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሳያገናዝብ "3 ሰዓት" የሚለውን አይቶ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በቤቱ ብቻዋን የነበረችውን የቤት ሠራተኛ ሰድቦ አስለቅሷታል። ኮምፒውተሩ የተከፈተው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር፤ የከፈተውም ራሱ ነበር። ልጅቷ ደመወዟን ተቀብላ ወደ አገሯ ከሄደች በኋላ ነው እኔ መዝገቡን ያየሁት። ጉዳዩ አሁንም ያሳዝነኛል። የዴስክቶፑ ክብ ባትሪ ያለቀ እንደሆነም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀንና ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ መዝገቡ ጨርሶ ለምስክርነት አይበቃም። በቤት ውስጥ ያለን ሰው፣ በተለይም ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ መክሰስ አይገባም።

የስለላ ፕሮግራም መኖሩን ካረጋገጡ የይለፍ ቃሎችዎን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ሆነው አይቀይሩ፤ አዲሱንም ያነብበዋልና። በሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይቀይሩ። ከዚያ ፋይሎችዎን ገልብጠው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ማስጫን ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

አንድ ሁኔታ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሚሰልለው የትዳር ጓደኛ ከሆነና ያ ሰው የሚማታ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ፣ የይለፍ ቃልን በድንገት መቀየር ወይም ፕሮግራሙን ማጥፋት ቁጣውን ሊቀሰቅስ ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት የምትኖር እኅት ኮምፒውተሩን እንዳለ ትታ፣ የምታምነው ሰው ስልክ ላይ አዲስ ኢሜይል ከፍታ፣ ለመጠጊያ የሚሆናትን ነገር ሁሉ በዚያ ብታደርግ ይሻላል፤ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ለመሄድ የምትፈልግበትን አድራሻም በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ባትፈልግ መልካም ነው። የእርሷ ደኅንነት ከፋይሎቹ ይቀድማል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲያስከብር በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችንም ይጨምራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ላይ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ሆነ ብሎ የሌላውን ኮምፒውተር ወይም ዳታ የከፈተ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አዋጁ ዘመድንና የትዳር ጓደኛን ለይቶ ነፃ አያወጣም፤ ስለዚህ የተሰለለ ሰው በአጸፋው የሰላዩን ስልክ ሰብሮ ቢገባ እርሱም ይጠየቅበታል። እኔ በበኩሌ ለአከራዬ ልጅ ነገሩን ወደ ሕግ አልወሰድኩትም፤ እናቱ ባለችበት ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘን ተነጋገርን፣ ይቅርታም ጠየቀ። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በ"ቤተሰብ" አካውንት ገብቶ ፊልሙን ያያል።

የቀረው የራስዎን ቤት በራስዎ ላይ እንዳይቆልፉ መጠንቀቅ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያ ሰው ቢታመም ወይም ቢሞት፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የዕቁብና የእድር ሒሳብ፣ የቡና ንግድ መዝገብ ሁሉ ተመስጥሮ ይቀራል። የዊንዶውሱን የይለፍ ቃል፣ 48 አኃዙን ቁልፍ፣ የጉግልን 10 ኮዶችና ለጥያቄዎቹ የሰጡትን የፈጠራ መልስ በእጅ ጽፈው በፖስታ ውስጥ ያሽጉ፤ በመዝጊያው ላይም ፈርመው ፊርማው ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት፣ ሰው ከከፈተው እንዲታወቅ። እኔ አንዱን ፖስታ ከትምህርት ማስረጃዎቼ ጋር በተቆለፈ ሣጥን አኑሬያለሁ፤ ሁለተኛው አጋሮ በምትኖረው እኅቴ ዘንድ ነው። የይለፍ ቃሉን በቀየርኩ ቁጥር አዲስ ፖስታ አዘጋጅላትና አሮጌውን ተቀብዬ በከሰል ምድጃ ላይ አቃጥለዋለሁ።